የንግሥተ ሳባ ሥዕልና የስቶሪቦርድ ትምህርት
ሥዕልን ማንቀሳቀስ ለሚማሩ ተማሪዎች የቀረበ ሒስ

አኒሜሽን የሚባለውን ሥዕልን የማንቀሳቀስ ጥበብ በሚማሩ ወጣቶቻችን ዘንድ ስለ ስቶሪቦርድ ሁለት አሳቦች ሲነገሩ ይሰማሉ። አንደኛው፣ ስቶሪቦርድ ከውጭ አገር የመጣ ሥራ ስለ ሆነ ከውጭ አገር መጽሐፍና ፊልም ብቻ ልንማረው ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል የሣሉት ሠዓሊዎቻችን ይህን ጥበብ አስቀድመው ያውቁት ነበርና ከሌላ የምንማረው ነገር የለም የሚል ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም አሳቦች ተማሪውን ከሥራው የሚያርቁ መሆናቸውን ማሳየት ነው። የ44ቱ ክፍል ሥዕል ከስቶሪቦርድ ትምህርት ግማሹን ይሰጣል፤ ግማሹን ግን አይሰጥም። የጎደለውን ግማሽ ተማሪው የሚያገኘው የውጭ ፊልም በመቅዳት ሳይሆን የተወለደበትን አገር ሥራና ኑሮ በዐይኑ በመመርመር ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆን፣ በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ካለችው ከዋጃ፣ ገበሬዎች ጎርፍን ጠልፈው ወደ ማሳ የሚያገቡበትን ሥራ እንደ መልመጃ ወስደን እንመለከታለን።

፩ የስቶሪቦርድ ጥቅም

ስቶሪቦርድ ማለት ፊልሙ ከመሠራቱ አስቀድሞ ታሪኩ በትናንሽ ሥዕሎች ተነድፎ በቅደም ተከተል የሚደረደርበት ዕቅድ ነው። በየሥዕሉ ሥር የሚሰማው ንግግርና ድምፅ፣ ሥዕሉም የሚቆይበት ጊዜ ይጻፋል። ይህ አሠራር የተለመደው በአሜሪካ በዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ፣ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። እያንዳንዱን ሥዕል ለብቻው በወረቀት ነድፎ በሰሌዳ ላይ በስፒል መስካት የጀመረው ዌብ ስሚዝ የተባለ የስቱዲዮው ሠራተኛ እንደ ሆነ ይነገራል። በ1933 የወጣው «ሦስቱ ትናንሽ አሳማዎች» የተባለው አጭር ፊልም በዚህ መንገድ ከታቀዱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ወረቀቱ በስፒል የተሰካ መሆኑ ነው። የተሰካ ይነቀላል፤ የነበረበት ቦታ ይለወጣል፤ የማያስፈልግ ከሆነም ይጣላል። ስለዚህ ስቶሪቦርድ ያለቀለት ሥዕል አይደለም፤ አሳብ የሚሞከርበትና የሚታረምበት ሰሌዳ ነው።

ጥቅሙም በቍጥር ሊታይ ይችላል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እንዲታይ ተደርጎ ቢቈጠብ እንኳ ለአንድ ሴኮንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720፣ ለአምስት ደቂቃ 3,600 ሥዕል ያስፈልጋል። ብቻውን የሚሠራ ተማሪ በቀን 20 ሥዕል ቢሥል ይህን ለመጨረስ 180 ቀን ይፈጅበታል። ከዚህ ውስጥ የግማሽ ደቂቃ ትርኢት ለታሪኩ የማይረባ ሆኖ ቢገኝ 360 ሥዕል፣ ማለት የ18 ቀን ድካም ከንቱ ቀረ ማለት ነው። ያው ስሕተት በስቶሪቦርድ ላይ ቢገኝ ግን የሚጣለው አምስት ወይም ስድስት ትንንሽ ወረቀት ነው። በሀብታም አገር ስቶሪቦርድ ገንዘብ ያድናል፤ ባለን ኮምፒዩተርና ባለን ትርፍ ሰዓት ብቻችንን ለምንሠራ ግን ሥራው ተፈጽሞ መታየቱን ወይም በመንገድ መቅረቱን የሚወስን ነው።

፪ የ44ቱ ክፍል ሥዕል የሚያስተምረው

የንግሥተ ሳባ ታሪክ በጨርቅ ላይ በክፍል በክፍል ተሥሎ በአዲስ አበባ ለውጭ አገር ሰዎች መሸጥ የጀመረው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነው። የክፍሎቹ ቍጥር ከቅጂ ወደ ቅጂ ቢለያይም የታወቀው ልማድ 44 ነው። ከቀደምቶቹ ሠዓሊዎችም በላቸው ይመር በስም ይጠቀሳሉ። የታሪኩ ዋና ምንጭ በ14ኛው መቶ ዓመት የተዘጋጀው «ክብረ ነገሥት» ሲሆን፣ ሕዝቡ በቃል የሚያወራው የዘንዶው ታሪክ በመጀመሪያው ላይ ተጨምሮበታል። ሰውን የሚያስገብረው ዘንዶ፣ መርዝ የተሰጣት ፍየል፣ የዘንዶው ገዳይ መንገሥ፣ ነጋዴው ታምሪን፣ ወደ ኢየሩሳሌም የተደረገው ጉዞ፣ ግብሩ፣ ሌሊት የተጠጣው ውሃ፣ የምኒልክ መወለድ፣ የታቦቱ ወደ አክሱም መምጣት፣ እነዚህ ሁሉ በየክፍላቸው ተሥለው በላያቸው ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይገኛል።

ተማሪው ከዚህ ሥዕል ሦስት ነገር ሊማር ይችላል። አንደኛ፣ መምረጥን ይማራል። ሠዓሊው ረጅሙን ታሪክ 44 ቦታ ላይ ብቻ አቁሞታል። ፍየሏ መርዙን ስትቀበል ያሳያል፤ ቀጥሎ ዘንዶው ሞቶ ይታያል። በሁለቱ መካከል ያለውን ተመልካቹ በልቡ ይሞላዋል። ሁለተኛ፣ ሰውን ማስታወቅን ይማራል። ንግሥቲቱ በዘውዷና በልብሷ፣ ንጉሡም በዙፋኑና በጢሙ በየክፍሉ ይታወቃሉ፤ ማንም ተመልካች ይህች ማን ናት ብሎ አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ ግልጥነትን ይማራል። ሰዎቹ ትልልቅ፣ ከጀርባቸው ያለው ስፍራ ባዶ ስለ ሆነ፣ ክፍሉ የእጅ መዳፍ ቢያህል እንኳ የሚሠራው ነገር ከሩቅ ይነበባል። የጀማሪ ተማሪ ስቶሪቦርድ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ ስለዚህ የአገራችንን ሥዕል ለስቶሪቦርድ አይረባም ማለት አለማስተዋል ነው።

፫ የ44ቱ ክፍል ሥዕል የማያስተምረው

ይሁን እንጂ አሳቡን ወደ ሌላው ጫፍ ወስደን ይህ ሥዕል ራሱ ስቶሪቦርድ ነው ማለት አይገባም። በመጀመሪያ፣ ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። ወራት የፈጀው የኢየሩሳሌም ጉዞና በአንድ ትንፋሽ የተጠጣው ውሃ እኩል ስፍራ ይይዛሉ፤ የጊዜ ልዩነት አይታይም። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ከራስ እስከ እግር ከአንድ ርቀት ይታያሉ፤ ተመልካቹ ወደ ፊት ቀርቦ አንዲት እጅ ወይም አንዲት ዐይን ብቻ አያይም። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ የማይናገረውን ጽሑፉ ይናገርለታል።

የሌሊቱን ክፍል እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበት ምግብ በልታ ተኝታለች። ከቤቱ ምንም እንዳትወስድ ምላለች። ንጉሡ የተኛ መስሎ ይጠባበቃታል። ሠዓሊው እጇ ሲያዝ በአንድ ክፍል አሳይቶ ያልፋል። ጥማቷ አይታይም፤ የንጉሡም ተንኰል አይታይም። ሁለቱንም የምናውቀው ታሪኩን አስቀድመን ስለ ሰማን ነው።

ይህንኑ በስቶሪቦርድ የሚሠራ ተማሪ ምናልባት ሰባት ወረቀት ያስፈልገው ይሆናል። መኝታ ቤቱ በሙሉ፤ የደረቀ ከንፈሯ፤ የተከደነው የንጉሡ ዐይን፤ ከአልጋ የሚወርድ እግሯ፤ ወደ ውሃው የሚዘረጋ እጇ፤ በጥቂቱ የተገለጠ የንጉሡ ዐይን፤ እጅ እጅን ሲይዝ። አሁን ጥያቄው ይመጣል። የተገለጠው ዐይን የት ይግባ? እግሯ ከአልጋ ሳይወርድ ከገባ፣ ተመልካቹ እርሷ የማታውቀውን ያውቃልና ይፈራላታል። እጇ ከተያዘ በኋላ ከገባ ደግሞ፣ ተመልካቹ ከእርሷ ጋር አብሮ ይደነግጣል። ሥዕሎቹ ያው ሰባቱ ናቸው፤ አንዲት ወረቀት ቦታዋን ብትለውጥ የታሪኩ ስሜት ይለወጣል። በጨርቅ ላይ የደረቀ ቀለም ይህን አያስሞክርም። ስቶሪቦርድ የሚያስተምረው ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ማን ምን ያውቃል፣ መቼስ ያውቃል የሚለውን መወሰን።

ከዚህ ጋር አንድ ሌላ ልማድ መጠቀስ ይገባዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። ይህ ልማድ በብዙዎቹ የዐድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ላይ ይታያል፤ የእኛ ወገን በሁለት ዐይን፣ ጠላት በአንድ ዐይን። በዚህ ዐይኑን ያሠለጠነ ተማሪ ጀግናውን ወደ ጎን ለማዞር ይቸግረዋል፤ በሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን ፊቱን የማያዞር ሰው የለም። ልማዱን መጣል ግድ አይደለም። ለማን እንደሚያደላ ያልታወቀ ሰው በታሪኩ ውስጥ ቢኖር፣ ልቡ እስኪቈርጥ ድረስ በጎን አሳይቶ፣ በቈረጠበት ደቂቃ ሁለተኛውን ዐይን መግለጥ ይቻላል። የአገራችን ተመልካች ትርጕሙን ያለ አስተማሪ ይረዳዋል።

በዚህ ሁሉ ሠዓሊዎቹን መንቀፋችን አይደለም። እነርሱ የሠሩት የታወቀውን ታሪክ ለማስታወስ ነው፤ የአኒሜሽን ተማሪ የሚሠራው ግን ያልታወቀውን ለመግለጥ ነው። ሥራው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ መለኪያውም ልዩ ልዩ ነው።

፬ «ሒሳብ»፤ ከመንገድ የተወሰደ ታሪክ

በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ በ2011 (በፈረንጅ አቈጣጠር) «ሒሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። አሠራሩም በአንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ያንኑ ሥዕል በላዩ ላይ እየለወጠ ነው። ታሪኩ ሁላችን የምናውቀው የከተማ ጨዋታ ነው። አህያ፣ ፍየልና ውሻ በታክሲ ይሳፈራሉ። አህያ ሒሳቧን ትከፍላለች፤ ፍየል ሳትከፍል ትሮጣለች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ይቀራል። ስለዚህ መኪና ሲመጣ አህያ ከመንገድ አትነቃነቅም፤ ፍየል ትሸሻለች፤ ውሻ መልሱን ሊጠይቅ ይከተላል።

ይህ ሥራ ለክርክራችን ሁለት ነገር ይሰጠናል። የመጀመሪያው፣ ታሪኩ የማንንም አገር ፊልም አልተከተለም፤ ማስረጃው በየመንገዱ ይታያል። ዋናው የአዲስ አበባና የመቀሌ መንገድ በዋጃ ስለሚያልፍ፣ የዋጃ ልጅ አህያዋን፣ ፍየሏንና ውሻውን በየቀኑ ያያቸዋል። ሁለተኛው፣ በአንድ ሸራ ላይ የሚሠራ ሰው የትናንቱን ሥዕል የዛሬው ሥዕል ይሸፍንበታል። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ስለማይችል፣ የሚሄድበትን በአሳቡ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እጁ ለሠለጠነ ሠዓሊ ይህ ውበት ይሆናል፤ ጀማሪ ተማሪ ግን ሸራውን ከመንካቱ በፊት አሳቡን በወረቀት ቢፈትን ይበጀዋል። አህያ፣ ፍየልና ውሻ ታክሲው ውስጥ ምን ያህል ጊዜ ይቀመጡ? የማን ፊት ይቅደም? የመጨረሻው የመንገድ ትርኢት ስንት ሴኮንድ ይሁን? ጨዋታው የሚያስቀው በእነዚህ ነው።

፭ መልመጃ፤ የዋጃ ጎርፍ

በዋጃና በአካባቢዋ ያለው የራያ ቆላ ማሽላ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው። ዝናቡ ብዙ ጊዜ አይበቃም። በስተምዕራብ ባለው ከፍተኛ ተራራ ላይ ሲዘንብ ግን፣ በሜዳው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ደረቁ ወንዝ በድንገት ጎርፍ ይሞላል። ገበሬዎቹ ከአፈር፣ ከድንጋይና ከጭራሮ ክትር ሠርተው ጎርፉን ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ማሳ ያዞሩታል። ጎርፉ ቢበዛ ክትሩን ይሰብራል፣ ማሳውንም ይጠርጋል፤ ባይመጣ ደግሞ ማሽላው ይደርቃል።

ይህን በስቶሪቦርድ ለመሥራት የተነሣ ተማሪ የውጭ አገር ፊልም ብቻ አይቶ ከሆነ የሚሥለውን አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ጥቁር ደመና፣ መብረቅ፣ የሚያገሣ ውሃ፣ ልጇን ይዛ የምትሸሽ እናት። ጎርፍ በብዙዎቹ ፊልሞች ሰው የሚሸሸው ነገር ነውና። በዋጃ ግን ጎርፍ ሲመጣ ሰው አካፋ ይዞ ወደ ጎርፉ ይሮጣል። መቅዳት የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ላይ በግልጥ ይታያል። ሥዕሉ ምንም ቢያምር የእግሩ አቅጣጫ ከተሳሳተ ታሪኩ ሐሰት ነው።

በሌላ በኩል በ44ቱ ክፍል ልማድ ብቻ የሚሠራ ተማሪ ሦስት ክፍል ይሥላል። በተራራ ዘነበ፤ ጎርፍ መጣ፤ ማሳው ጠጣ። እውነት ነው፤ ነገር ግን መጠበቁ የለበትም። የዚህ ሥራ ጭንቀት ያለው በመጠበቁ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ለመልመጃ ያህል አሥራ ሁለት ወረቀት አዘጋጅቶ እንደሚከተለው ደርድሯል።

1. ሰፊ ሜዳ፤ የተሰነጠቀ መሬት፤ ቅጠሉ የተጠቀለለ ማሽላ፤ ሰማዩ ንጹሕ ነው። (4 ሴኮንድ)
2. የአንድ ገበሬ ፊት፤ ወደ ምዕራብ ይመለከታል። (2 ሴኮንድ)
3. ከሩቅ ተራራው፤ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቁር ደመና። (3 ሴኮንድ)
4. ደረቁ ወንዝ፤ አሸዋውን ፍየሎች ይሻገሩታል። (3 ሴኮንድ)
5. እጆችና ዶማዎች፤ ክትሩን ያጠብቃሉ። (4 ሴኮንድ)
6. መሽቷል፤ ሰዎቹ በወንዙ ዳር ተቀምጠዋል፤ ማንም አይናገርም። (5 ሴኮንድ)
7. የአንድ ውሻ ጆሮ ይቆማል። (1 ሴኮንድ)
8. ጨለማ፤ የሩቅ ድምፅ ብቻ ይሰማል። (3 ሴኮንድ)
9. ገበሬው ተነሥቶ ወደ ድምፁ ይሮጣል። (2 ሴኮንድ)
10. የጎርፉ ግንባር፤ አረፋ፣ ገለባና እንጨት ይዞ ወደ ክትሩ ይደርሳል። (3 ሴኮንድ)
11. ከታች ያለው ጎረቤት በባዶ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። (4 ሴኮንድ)
12. የማሽላው ሥር፤ ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባል። (5 ሴኮንድ)

ጠቅላላው 39 ሴኮንድ ነው። ከዚህ ድርድር ሦስት ወረቀቶችን ለይተን እንመርምር። ሦስተኛው ወረቀት ከሁለተኛው በፊት ቢሆን ደመናውን የሚያሳየን ሠዓሊው ይሆናል፤ ከሁለተኛው በኋላ ሲሆን ግን የሚያሳየን ገበሬው ነው። ዝናብና ጎርፍ በተለያየ ስፍራ የሚሆኑበትን ነገር ለማያውቅ ተመልካች ያለ አንድ ቃል የሚያስረዳው የገበሬው ዐይን ነው። ስምንተኛው ወረቀት ምንም ሥዕል የለበትም፤ ጥቁር ብቻ ነው። ሥዕል መሣል የሚወድ ተማሪ ባዶ ወረቀት መሰካት እንደ ስንፍና ይቈጥረዋል። ነገር ግን ውሃው ከመታየቱ በፊት መሰማቱ የቦታው እውነት ነውና ወረቀቱ ሥራውን ይሠራል።

ከሁሉ የሚበልጠው አሥራ አንደኛው ነው። ይህ ወረቀት ቢነቀል ታሪኩ አይጎድልም፤ ጎርፉ ይመጣል፣ ማሽላው ይጠጣል። ነገር ግን ነገሩ የውሃ ታሪክ ብቻ ይሆናል። ጎረቤቱ በባዶ ቦይ አፍ ላይ ሲቆም፣ ላይኛው ገበሬ ጠግቦ ይልቀቅ ወይስ ሁሉን ያስቀር የሚል ጥያቄ ይነሣል። ከላይ ያለና ከታች ያለ ሰው አንድ ጎርፍ የሚካፈሉበት አገር ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ፊልሙም ከዚያ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ይገኛል። ስቶሪቦርድ ያለቀውን ታሪክ መንደፊያ ብቻ ሳይሆን የጎደለውን መፈለጊያም እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

፮ ስለ መቃወሚያውና ስለ ትምህርቱ

ጊዜንና ርቀትን መለዋወጥ፣ የዐይንንም ቦታ መምረጥ ራሱ ከውጭ ፊልም የመጣ አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አዎን፣ መሣሪያው የመጣው ከዚያ ነው። መሣሪያውን መዋስ ግን ዐይንን መዋስ አይደለም። ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ በ1955 (በፈረንጅ አቈጣጠር) የወጣውን «ፓተር ፓንቻሊ» የተባለውን ፊልሙን ትርኢት በትርኢት በማስታወሻ ደብተር ላይ በሥዕል ነድፎት ነበር። መንገዱ የሲኒማ ነው፤ የታየው ግን የቤንጋል መንደር ነው። ከእኛም ወገን፣ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤት የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል። ትምህርት ቤቱም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ሁለቱን ትምህርት በአንድ ሰው ማገናኘት እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ስለዚህ ለጀማሪ ተማሪ የሚከተለውን እናሳስባለን። በመጀመሪያ፣ የ44ቱን ክፍል ሥዕል አንድ ቅጂ ይዞ፣ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍኖ፣ የትኛው ክፍል ያለ ጽሑፍ እንደሚነበብና የትኛው እንደማይነበብ ይለይ። ቀጥሎ፣ ከማይነበቡት አንዱን መርጦ በሰባት ወይም በስምንት ወረቀት ያስፋው፤ ወረቀቶቹንም እያለዋወጠ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያሳይ። በመጨረሻም፣ ከተወለደበት ስፍራ አንድ ሥራ፣ መጠበቅ ያለበትን ሥራ፣ ይምረጥና ሰዎቹ እግራቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ፣ በምን ጊዜ ዝም እንደሚሉ፣ ማን ማንን እንደሚጠብቅ በደብተሩ ይመዝግብ። ሥዕሉ ባያምር አይፈር። ስቶሪቦርድ የሚጠይቀው ያማረ መስመር አይደለም፤ የሚነበብ መስመር ነው። እጅ በጊዜ ይሠለጥናል፤ ያልታየ ነገር ግን በእጅ ሥልጠና አይተካም።

ዛሬ ልጆቻችን በስልክና በቴሌቪዥን የሚያዩት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ከሞላ ጎደል የሌላ አገር ነው። በእርሱ ውስጥ ጎርፍ ሁልጊዜ የሚሸሽ፣ ውሻም መኪና የሚከተልበት ምክንያት የሌለው ነው። ይህን የሚለውጠው ጥንታዊነታችንን መተረክ ወይም የሌላውን ሥራ አሳምሮ መቅዳት አይደለም፤ ተነቅሎ በሚሰካ ወረቀት ላይ የሚደረግ ትዕግሥት ያለበት ሥራ ነው። የዋጃን ጎርፍ ለመልመጃ ወስደናል። ሌሎች ተማሪዎችም ከየትውልድ ስፍራቸው ያዩትን በየወረቀቱ ነድፈው ቢያቀርቡ፣ ለሚቀጥለው ሒስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ይገኛል።